ሰማይ ያለ ዐምድ ይቆማል

በአገራችን ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ «ሰማይ ዐምድ የለው፥ እስላም አገር የለው» ይላል። ይህ ተረት በየገበያውና በየመንገዱ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ተረት አባት የለውምና። ነገር ግን ስንቱ ሕፃን በሰፈሩ ልጆች መካከል ቆሞ ይህን ቃል ሰምቶ፥ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ እንደ ገባ ለመገመት አያዳግትም። የተወለደበት ቀዬ፥ አያቱ የተቀበረበት አፈር፥ አባቱ ግብር የሚከፍልበት አገር «ያንተ አይደለም» ሲባል መስማት ለሕፃን ቀርቶ ለዐዋቂም ከባድ ነው።

ሆኖም የተረቱን ቃል መለስ ብለን ብናስተውለው፥ ተራቹ ሊሰድብ ፈልጎ ሳያውቀው ምስጋና መናገሩን እናገኛለን። ሰማይ በእርግጥ ዐምድ የለውም፤ ግን ወድቆ አያውቅም። ቁርአንም «አር ረዕድ» በተባለው ምዕራፍ ሰማያት በዓይን በሚታይ ዐምድ ሳይደገፉ መቆማቸውን ከፈጣሪ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያ ሙስሊም በሰማይ ከተመሰለ፥ ተረቱ «አገር የለህም» ብሎ ሳይሆን «ያለ ድጋፍ ቆመሃል» ብሎ እንደ መሰከረለት ልንቈጥረው እንችላለን።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሃይማኖት ጽናት ጥቂት እንነጋገራለን። የምንነጋገረውም ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ስለሚያስተምሩት ትእዛዝ አይደለም። በችግርና በአድልዎ መካከል እምነታቸውን ጠብቀው ለልጅ ልጅ ያስተላለፉ ሰዎች በምን ዘዴ እንደ ጠበቁት ለመመልከት ነው። አንባቢያችን ሙስሊም ቢሆን የአባቶቹን ድካም ያስታውስበታል፤ ክርስቲያን ቢሆን ደግሞ ጎረቤቱ ተሸክሞት የኖረውን ሸክም ይመዝንበታል።

በቅድሚያ ግን ጽናትና ግትርነት የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ግትር ሰው የሚበረታው በሌላው ላይ ነው፤ ጽኑ ሰው ግን የሚበረታው በራሱ ላይ ነው። ግትር ሰው ሌላው እንዲለወጥለት ይጮኻል፤ ጽኑ ሰው ግን ዓለም ሁሉ ቢለወጥበት እርሱ አይለወጥም። የመጀመሪያው ጎረቤቱን ያስመርራል፤ ሁለተኛው ጎረቤቱን ያስተምራል።

ከመካ አሸዋ እስከ አክሱም አደባባይ

የእስልምና ታሪክ የጽናትን ትምህርት ከጀመረባቸው ሰዎች አንዱ የሐበሻ ዘር ያለው አንድ ባሪያ ነው። ቢላል ኢብን ረባሕ በመካ ከተማ ኡመያ ኢብን ኸለፍ ለተባለ ባለጸጋ ያገለግል ነበር። እናቱ ሐማማ ሐበሻ እንደ ነበረች ይተረካል። አዲሱን ሃይማኖት መቀበሉ በታወቀ ጊዜ ጌታው ቀትር ላይ እያወጣ፥ በጋለው አሸዋ ላይ በጀርባው አስተኝቶ፥ በደረቱ ላይ ትልቅ ቋጥኝ ያስጭንበት ነበር። «ካድ» ሲባል የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እርሱም «አሐድ»፥ ማለት «አንድ ነው» የሚለው ቃል ነው። በመጨረሻ አቡበክር ገዝቶ ነጻ አወጣው። ያ ባሪያ የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ለመሆን በቃ፤ በ630 እ.ኤ.አ. መካ በሙስሊሞች እጅ ስትገባም በካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሶላት የተጣራው እርሱ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ቢላል ሰይፍ አልነበረውም፤ ዘመድ አልነበረውም፤ ገንዘብም አልነበረውም። የነበረው አንድ ቃል ነው። ጌታው ሥጋውን ሊገዛ ቻለ እንጂ ያችን ቃል ከአፉ ሊያወጣ አልቻለም።

የመካ መከራ በበረታ ጊዜ ነቢዩ መሐመድ ተከታዮቻቸውን «በእርሱ ዘንድ ማንም ወደማይበደልበት ንጉሥ» ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ እንዳዘዟቸው ይተረካል። ይህም በ615 እ.ኤ.አ. ነበር። የመካ ሹማምንት ስደተኞቹን ለማስመለስ እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ። ንጉሡ ግን የተከሳሾቹን ቃል ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቀርቦ ከመርየም ምዕራፍ አነበበለት። ንጉሡ እጅ መንሻውን መልሶ፥ ስደተኞቹን በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል።

ብዙ የማይነገረው ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከስደተኞቹ መካከል ረምላ የተባለች፥ በኋላም ኡሙ ሐቢባ ተብላ የታወቀች ሴት ነበረች። አባቷ አቡ ሱፍያን በመካ አዲሱን ሃይማኖት ከሚቃወሙት አለቆች ዋነኛው ነበር። ባሏም አብሯት ከተሰደደ በኋላ በሐበሻ አገር ክርስትናን እንደ ተቀበለና በዚያው እንደ ሞተ የታሪክ ጸሓፊዎቹ ይተርካሉ። እንግዲህ የዚህችን ሴት ሁኔታ እናስብ። አገሩ የባዕድ ነው፤ ባል የለም፤ ልጅ በእጇ ናት፤ ወደ አባቷ ቤት ለመመለስ ደግሞ እምነቷን መጣል አለባት። እርሷ ግን በእምነቷ ቆየች። በኋላም ነቢዩ ባጯት ጊዜ የጋብቻውን ውል ያስፈጸመውና ጥሎሹን የከፈለው የሐበሻው ንጉሥ እንደ ነበረ ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው የሴቲቱ ጽናት ነው። ሁለተኛው የንጉሡ ፍትሕ ነው፤ ሃይማኖቱን የለወጠውም ያልለወጠችውም በአንድ ጥላ ሥር በሰላም ኖረዋልና። ጽናት ፍትሕን ሲያገኝ ያፈራል፤ ፍትሕን ሲያጣ ደግሞ ሥር ይሰድዳል። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሁለቱንም አይቷል።

ርስት የሌለው እጅ

የአክሱሙ ንጉሥ ያሳየው ፍትሕ በሁሉም ዘመን አልቀጠለም። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚህም ምክንያት በጎንደር ከተማ ግርጌ «እስላም ቤት» የተባለው፥ በኋላም አዲስ ዓለም የተሰኘው ሰፈር የሙስሊሞች መኖሪያ ሆነ። በብዙው የሰሜን አገር ሙስሊሙ የርስት ባለመብት እንዳይሆን ልማዱ ይከለክለው ነበር። እንግዲህ «እስላም አገር የለው» የሚለው ተረት ከአየር አልመጣም፤ በዚያ ዘመን አገር ማለት ርስት ነውና።

ርስት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? መሬት ቢከለከል እጁን ግን አልተከለከለም። ስለዚህ ሸማኔ ሆነ፤ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ነጋዴ ሆነ። ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ምጽዋ፥ ከጎጃም ገበያዎችም ወደ ደቡብ የሚጓዘውን የሲራራ ነጋዴ ብንመለከት፥ ከፍ ያለውን ድርሻ የያዙት ጀበርቲ የተባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። አሞሌውን፥ ቡናውን፥ ዝባዱን በበቅሎና በአህያ ጭነው፥ በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ፥ በረሃውን አቋርጠው አገርን ከአገር ያገናኙ ነበር።

ሸማኔውም እንደዚሁ ነው። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ጕድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውር ነበር። ልብ ብለን ብናየው ግን ነገሩ ያስደንቃል፤ ባላባቱ ለጥምቀት አምሮ የሚወጣበት ኩታ፥ እመቤቲቱ ለፋሲካ የምትለብሰው ጥበብ ቀሚስ ብዙውን ጊዜ የዚያው የተናቀው ሙስሊም ሸማኔ እጅ ሥራ ነበር። የሰደበውን ሰው አልብሶ የሚልክ ሰው፥ ጽናቱ በአፉ ሳይሆን በእጁ እንደ ነበረ ግልጽ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ቀላል ነው። በር ሲዘጋበት ከበሩ ሥር ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ሌላ በር የሚከፍትም አለ። የጎንደር ሙስሊሞች የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ይህን ስንል ግን የተዘጋው በር በመዘጋቱ መልካም ሆነ ማለታችን አይደለም። በደል ጥበብን ቢወልድም በደልነቱ አይቀርም።

ቦሩ ሜዳ

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብጽን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ፥ የአገሩን አንድነት በሃይማኖት አንድነት ለማጽናት አሰቡ። በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። በዚያም በክርስቲያኖች መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር ከተወሰነ በኋላ፥ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም ክርስትና አባት ሆኗቸው። አመዴ ሊበንም ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸውም ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ለተራው ሕዝብ ደግሞ የሦስት ዓመት ቀነ ገደብ እንደ ተሰጠው የታሪክ ጸሓፊዎች ይገልጻሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ሕይወታቸውን የሰጡ ጀግና እንደ ነበሩ አይካድም፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁትም ለዚሁ ነው። የጀግናን ስሕተት መናገርም ጀግንነቱን መካድ አይደለም። ልብን በዐዋጅ ማጥመቅ እንደማይቻል ያ ዘመን በግልጽ አሳይቷል።

ሕዝቡ ምን አደረገ? አንዳንዱ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ፤ ከፊሉ ወደ ሱዳን ጠረፍ፥ ከፊሉም ወደ ደቡብ ሄደ። አንዳንዱ ጦር አንሥቶ ተዋጋ፤ ከእነዚህም አንዱ የአርጎባው ሊቅ ሼኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። ብዙው ግን በቤቱ ተቀምጦ ሁለት ኑሮ ይኖር ጀመር። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረ አንድ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ፥ ሰዎቹ ከተጠመቁ በኋላ ወዲያው ወደ መስጊድ ሄደው ጥምቀቱን በውኃ እንዳጠቡት ጽፏል። «ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት እስላም» የተባሉትም እነዚሁ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ጽናት ማለት በግልጽ መመስከር እንጂ መደበቅ አይደለም» ይል ይሆናል። እኛ ግን በተመቸ ወንበር ተቀምጠን በእነዚያ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። ልጆቹን ይዞ በመሬቱ ላይ የቀረ ገበሬ፥ ቀን በአደባባይ ስሙን ለውጦ ሲጠራ ውሎ፥ ሌሊት በሩን ዘግቶ ልጁን «ቢስሚላህ» ብሎ ማዕድ መጀመርን ሲያስተምር፥ ያ ሰው የሚሸከመው ጭንቀት በጦር ሜዳ ከሚወድቀው ሰው ጭንቀት አያንስም። የጦር ሜዳው ሰው አንድ ቀን ይጸናል፤ እርሱ ግን በየሌሊቱ ይጸና ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ካረፉ በኋላ ግዳጁ ሲላላ፥ የወሎ ሕዝብ ብዙው ወደ አባቱ ሃይማኖት መመለሱ የእነዚያ ሌሊቶች ፍሬ ነው።

ሉህና መንዙማ

እምነትን በሌሊት ያቆየው ነገር ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፥ የመጀመሪያው መልስ ትምህርት ነው። ወሎ የኪታብ አገር ነበረች። የጀማ ንጉሡ ሼኽ መሐመድ ሻፊ፥ የዳናው ሼኽ አሕመድ ቢን አደም፥ የሾንኬው ሼኽ ጀውሀር ቢን ሐይደር፥ እነዚህና እነርሱን የመሰሉ ሊቃውንት በየተራራው ማስተማሪያ ተክለው ደረሳ ያፈሩ ነበር። ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ የመንደሩ ሰው ያበላዋል። በእንጨት ሉህ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ሉሁ ታጥቦ ባዶ ሲሆን በልቡ ያለው ግን ማንም የማያጥበው ሀብት ይሆናል። መስጊድ ሊፈርስ፥ ኪታብ ሊቃጠል ይችላል፤ በልብ የተጻፈውን ግን ዐዋጅ አይደርስበትም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ሁሉም ሰው ዐረብኛ አያውቅም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሃይማኖቱን ትምህርት በአማርኛ ግጥም አድርገው በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ይህም አጻጻፍ ዐጀም ይባላል። ከላይ ያነሣናቸው ሼኽ ጦልሓ በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ነው። መንዙማው በሐድራ ከድቤ ጋራ ሲዜም ያልተማረው ገበሬ ይቀበላል፤ ውኃ የምትቀዳው ልጃገረድ በመንገድ ላይ ታንጐራጕረዋለች፤ እናት ልጇን እሹሩሩ ስትል ትለዋለች። በዚህ ዓይነት ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የራሱ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ የምትመረምሩ ተማሪዎች፥ ይህ የአማርኛ ሀብት ገና በሙሉ ያልተከፈተ ሣጥን መሆኑን ልብ እንድትሉ እንመክራለን። በ2001 ዓ.ም. በሞት የተለዩን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሁሴን አሕመድ በዚህ መስክ መንገድ ጠርገዋል፤ መንገዱን መሄድ የእናንተ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ጉርብትና ነው። ያን ሁሉ መከራ ያሳለፈችው ወሎ ዛሬ የምትታወቀው በቂም ሳይሆን በመቻቻል ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም ሐሰን፥ ሌላው ወንድም ኃይለ ማርያም ሲባል ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ከብቱንና ቢላዋውን ለይቶ፥ ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። እያንዳንዱ በሃይማኖቱ እንደ ቆመ ነው፤ ሥጋውን እንኳ አይቀላቅሉም። ፍቅሩ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ጽኑ መሆን ጎረቤትን መጥላት ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ወሎን ሄዶ ይይ እንላለን።

መብትን በሕግ መጠየቅ

ትዕግሥት ማለት ዝም ማለት ብቻ እንዳልሆነ የ20ኛው መቶ ዓመት ታሪካችን ያስረዳል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ ሙስሊሞችም በጋብቻና በውርስ ጉዳይ በሃይማኖታቸው ሕግ ለመዳኘት ቻሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል የማንኛውም ሃይማኖት ሥርዐት በሕግ መሠረት ሲፈጸም እንዳይከለከል ደነገገ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንድትሆን ወሰነ። ስለዚህ ሙስሊሙ ማምለክ አልተከለከለም፤ እኩል ግን አልነበረም። በዓሉ የመንግሥት በዓል አልነበረም። በመንግሥት ወረቀትም «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» በመባል ፈንታ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባለ ይጻፍ ነበር። ያች «የሚኖሩ» የምትል ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የቤቱን ልጅ እንግዳ ታደርገዋለች። ተረቱ በመንግሥት ማኅተም ሲታተም ይህን ይመስላል።

በዚያው ዘመን ለትምህርት ወይም ለሥራ ሲባል ስሙን ለውጦ የተመዘገበ ልጅ እንደ ነበረ ሽማግሎች ያጫውታሉ። በቤት አሕመድ፥ በመዝገብ ሌላ። ቦሩ ሜዳ ያኔ አልፏል ቢባልም፥ ጥላው በመዝገብ ገጾች ላይ ቀርቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሥራው አልቆመም። በ1961 ዓ.ም. ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሼኽ ሰይድ መሐመድ ሳዲቅ የደከሙበት የቁርአን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። ሊቃውንቱ በዐጀም የጀመሩትን ሥራ እነዚህ በፊደላችን ቀጠሉት ለማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከመቶ ሺሕ በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሕዝብ በሰላም ሰልፍ ወጣ። የጠየቀውም በዓላቱ እንዲከበሩ፥ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፥ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» መባሉ ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንዲባል ነበር። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያን ተማሪዎችና ሌሎችም ክርስቲያን ወገኖች አብረው ተሰልፈው ነበር። ይህን ለማስታወስ ያህል ሳይሆን ለማስተማር ያህል እንጽፈዋለን፤ ለጎረቤቱ መብት የተሰለፈ ወጣት የአክሱሙን ንጉሥ ፍርድ በእግሩ ደግሞ ፈርዷልና።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፥ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የሃይማኖት ልዩነት ሳያደርግ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ «አገር የለው» የተባለውም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ መሬት ያዘ። በ1968 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ደነገገ። ጠቅላይ ምክር ቤቱ ግን በዐዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከ1968 እስከ 2012 አርባ አራት ዓመት መሆኑን ስናሰላ፥ ጽናት በጠበቃና በማመልከቻም እንደሚፈተን እንረዳለን።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም

ሕግ ተጻፈ ማለት ነገር ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው በመከልከላቸው የተነሣው ክርክር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ረምላን ያስጠለለችው የአክሱም ምድር ናት። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው ከሩቅ በመጣች ስደተኛ ላይ ሳይሆን በዚያው በተወለደች ልጅ ላይ መነሣቱ ሁላችንንም ሊያሳስበን ይገባል። ልጆቹ ግን ደብተራቸውን አልጣሉም፤ ድንጋይም አላነሡም፤ ለመማር ጠየቁ እንጂ።

እንግዲህ ለሙስሊሙ ተማሪ የምንለው ይህ ነው። ስምህን አትደብቅ፤ ስምህ የብዙ ሌሊት ዋጋ ነው። ሶላትህንም ትምህርትህንም በሰዓቱ አድርስ፤ አንዱን ለአንዱ ምክንያት አታድርግ። ያገኘህን ዘለፋ ሁሉ በልብህ አትቍጠረው፤ ዘለፋን የሚቈጥር ሰው ትምህርቱን ለመቍጠር ጊዜ ያጣል። መብትህ ሲነካ ግን ዝም አትበል፤ በቃል፥ በጽሑፍ፥ በሕግ ጠይቅ። ይህንንም ስታደርግ የበደለህ አንድ ሰው መሆኑን አስታውስ፤ የአንዱን ጥፋት በወገኑ ሁሉ ላይ አትጻፍ። አንዱ አስተማሪ ቢያስከፋህ፥ አንዱ ክርስቲያን ጓደኛ ደግሞ ለረመዳን ማፍጠሪያህ ቴምር ገዝቶ የጠበቀህ መሆኑን አትርሳ።

በጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው ወጣት ሹም የምንለው ደግሞ ሌላ ነው። የአገራችን አድልዎ ብዙ ጊዜ በሰይፍ አይመጣም፤ በ«ነገ ተመለስ» ይመጣል። የመስጊድ ቦታ ጥያቄ ከመዝገብ ሥር ወድቆ ሲቀር፥ የሥራ ፈላጊው ስም ሲነበብ ፊት ሲጠቍር፥ የዐርብ ሶላት ሰዓት ሆን ተብሎ ስብሰባ ሲጠራበት፥ ያኔ አንድ ትንሽ ቦሩ ሜዳ በቢሮው ውስጥ ተደርጓል ማለት ነው። ባለጉዳይ በፊትህ ሲቆም የአክሱሙ ንጉሥ ያደረገውን አድርግ፤ ከሳሹ እጅ መንሻ ቢይዝም የተከሳሹን ቃል ስማ። የምትፈርድለት ሰው በማን ስም እንደሚጸልይ ሳይሆን፥ ጥያቄው እውነት መሆንና አለመሆኑን መርምር። ጽናት የተበዳዩ ግዴታ ብቻ አይደለም። ለፈራጅም ጽናት ያስፈልገዋል፤ የወገኑን ዓይን ሳይፈራ ለባዕድ ለሚመስለው ሰው እውነትን መፍረድ ከባድ ፈተና ነውና።

የአንድ ሕዝብ እምነት የሚጠፋው ሲጨቈን ነው ብለው ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ። ቢላል በአሸዋው ላይ፥ ረምላ በስደቷ፥ ሸማኔው በጕድጓዱ፥ የወሎዋ እናት በሌሊት ማጀቷ ይህ ትክክል እንዳልሆነ አሳይተዋል። እነዚህ ሁሉ የሚታይ ዐምድ አልነበራቸውም። ያቆማቸው በውስጣቸው የነበረው፥ ለልጅ የነገሩት፥ በእጃቸው የሠሩት፥ ከጎረቤት ጋራ የተካፈሉት ነው።

እንግዲህ ያንን የድሮ ተረት የሚናገር ሰው ከእንግዲህ ብናገኝ አንጣላው፤ እንዲህ ብለን እናርመው እንጂ። «ወንድሜ ሆይ፥ ሰማይ ዐምድ እንደ ሌለው እውነት ነው፤ ሆኖም ከአንተም ከእኔም በላይ ጸንቶ ቆሟል። ከሥሩ ያለችው አገር ደግሞ የሁላችንም ናት።»